አረንጓዴው ጠርሙስና የዘሀራ አፍንጫ

ባለፈው ሳምንት ደሴ የምትማረው የልጅ ልጄ ልትጠይቀን መጥታ መታጠቢያው ጋ አንድ ጠርሙስ አስቀመጠች። አረንጓዴ ነው። ክዳኑን ከፍቼ ሳሸተው አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ አወቀው፤ ጉልበቴ ውስጥ ያለው ቁርጥማት ሁሉ ተነሥቶ ሊጨፍር ምንም አልቀረው። ልጅቱ ሮጣ ደረሰች።

«አባባ፣ እንዳትጠጣው፤ እሱ ተጉመጥምጠው የሚተፉት ነው» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ደጅ ቁጭ ብላ ጎመን የምትቀነጥሰው ሚስቴም ቀና ብላ አየችኝና እሷም ሳቀች። ልጅቱ መሀላችን ግራ ገብቷት ቆመች። ይህን ትምህርት የተማርኩት እናትሽ ሳትወለድ ነው፣ የተማርኩትም በሆዴ ነው አልኳት።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ እንደ እኔ ያለ ጨፋሪ አልነበረም። ስለ ራሴ ማውራት አልወድም፤ ግን ሌላ የሚያወራልኝ ሰው ከጠፋ ምን ላድርግ? ከትምህርት ጋር ሦስተኛ ክፍል ድረስ ሄደን ሳንግባባ ተለያይተናል። ትከሻዬ ግን የተማረ ነበር። የቀበሌው ወጣት ማኅበር የኪነት ቡድን ሲያቋቁም ማንም ሳይጠራኝ ሄጄ መሀል ቆምኩ፤ ማንም ውጣ አላለኝም። ጥርሴንም ልንገራችሁ። ጠዋት ማታ በወይራ መፋቂያ ስለምፍቀው ወተት ነው። እንድሪስ ሲስቅ ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ይታያል ይባል ነበር። ማን እንዳለው አሁን ትዝ አይለኝም፤ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በዚያ ክረምት አንድ ወሬ መጣ። ጳጉሜ ላይ ውጫሌ ሄደን ከውጫሌ ኪነት ጋር እንወዳደራለን፤ ያሸነፈው ለአብዮቱ በዓል ደሴ ገብቶ ይጨፍራል። እኔ ደሴን የማውቃት በግ እየነዳሁ ገብቼ ነው። አሁን ሕዝብ ተሰልፎ እያጨበጨበልኝ ልገባ ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

የጭፈራ ጥንዴ ዘሀራ ነበረች። ዘሀራን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ቀጭን ናት፣ ቶሎ አትስቅም፤ ከሳቀች ግን ያንን ቀን ሥራ የሚሠራ ወንድ የለም። ከእሷ ጋር ደሴ መግባት ለእኔ ግማሽ ኒካህ እንደ ማሰር ነበር።

የእኛን አገር ጭፈራ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ወንድና ሴት ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ትከሻ ይንቀጠቀጣል፣ አንገት ይሰበቃል፣ እየተጠጉ እየተጠጉ ይመጡና አፍንጫ ላፍንጫ ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው ሁለቱም «እስ፣ እስ፣ እስ» እያሉ ይተነፍሳሉ። የጭፈራው ጨው ያቺ ትንፋሽ ናት። ዳኛ የሚያየው እሷን ነው፤ ሕዝብም እልል የሚለው እዚያ ላይ ነው።

ዘሀራ ግን እዚያ ላይ ስትደርስ ፊቷን ወደ ሐይቁ ታዞራለች።

ዓይኔን ማየት አቅቷት ነው ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ። እነሱም አዎ፣ አዎ አሉኝ። አንድ ቀን ግን ልምምድ ላይ ሴቶቹ እያጨበጨቡ እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦

ጥርሱማ ወተት ነው፣ ቁመናውም ሸጋ፤
አፍንጫዋን ትታ ማናት የምትጠጋ።

ወንዶቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ስለ ይመር መስሎኝ ነበር። ይመር ማለት ከኋላ ቆሞ የሚያጨበጭብ፣ ትከሻው እንደ ተቸከለ ግንድ የማይነቃነቅ ልጅ ነው።

ልምምዱ ሲያልቅ ዘሀራ አስፋልቱ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ይዛ ጠበቀችኝ። ግማሹን ሰብራ ሰጠችኝና ወደ ነፋሱ ዞራ ቆመች።

«እንድሪስ፣ ከሌላ ከምትሰማው ከእኔ ስማው» አለችኝ። «ትከሻህን እወደዋለሁ። አፍህ ግን ይሸታል።»

«ጥርሴን አላየሽውም?»

«ጥርስህንማ አየሁት። ከኋላው ያለውን ነው ያልቻልኩት።»

በቆሎዬን ይዤ፣ አፌን ገጥሜ ወደ ቤት ሄድኩ። በማግስቱ ደግሞ የቡድኑ መሪ ጓድ ታደሰ ለብቻዬ ጠራኝ። ጥንዱ ፊት ለፊት ገጥሞ ካልተነፈሰ ጭፈራው ሞቷል፣ ጳጉሜ እስኪገባ ካልተስተካከልክ በአንተ ቦታ ይመር ይገባል አለኝ። እስቲ አስቡት፤ ያ ግንድ ደሴ ገብቶ ከዘሀራ ጋር አፍንጫ ላፍንጫ!

እኛ ዘንድ አፍ ከሸተተ ጥፋተኛው ሆድ ነው። ሆድ ያበላሻል፣ አፍ ይታማል። ስለዚህ ኮሶ ጠጣሁ። ኮሶ የጠጣ ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ ከጓሮ አልራቅሁም። ሆዴ እንደ ባዶ ስልቻ ተጣጥፎ ልምምድ ብሄድ ዘሀራ አሁንም ወደ ሐይቁ። ከዚያ አንዱ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ሆድ ያጸዳል ብሎ መከረኝ። ያ ሰው ጠላቴ እንደነበር ዘግይቶ ነው የገባኝ።

የእህቴ ባል ያኔ አሰብ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። የእኔ ጉድ ጆሮው ደርሶ ኖሮ አንድ ቀን ሲመለስ አረንጓዴ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ የፈረንጅ ነው። እሱ የሚያውቀው መርከበኞች የአፍ መድኃኒት ነው እንዳሉት ብቻ ነው። እንዴት እንደሚወሰድ አልጠየቃቸውም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። መድኃኒት ይጠጣል እንጂ ምን ይደረጋል?

ጠዋት ጠዋት ቢስሚላህ ብዬ አንድ ሲኒ እገለብጥ ጀመር። ጉሮሮዬን እየፈጀ ሲወርድ ደስ አለኝ፤ የሚያቃጥል መድኃኒት ሁሉ ይሠራል ብሎ ነው አባቴ ያሳደገኝ። ለትንሽ ጊዜ አፌ ናና ናና ይላል። ናናው ሳይጠፋ እየሮጥኩ በዘሀራ ደጅ አልፋለሁ፤ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ቀርቤ ሰላም እላታለሁ፣ ትስቅልኛለች። ከሰዓት ልምምድ ላይ ግን ናናው ሄዶ አሮጌው እንድሪስ ተመልሷል። ሌላም ነገር ነበር። ጠዋት ከጠጣሁ በኋላ ሞቅ ይለኛል፣ ለላማችን ሁሉ እዘፍንላታለሁ። ፍቅር መስሎኝ ነበር።

ጠርሙሱ ከግማሽ ሲወርድ ጨጓራዬ አመፀ። ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ ጋሽ አበበ የሚባሉ፣ ከበሽተኛ ጋር መቀለድ የሚወዱ ወፍራም ሰው ነበሩ። የምትጠጣውን አምጣ አሉኝ። ጠርሙሱን አሸተቱት፣ መነጽራቸውን ሰክተው ጽሑፉን አነበቡት፣ ከዚያ ጠረጴዛቸውን ይዘው ሳቁ።

«አንተ፣ የሼሁ የልጅ ልጅ አይደለህም?»

ነኝ አልኳቸው።

«እንግዲያው አያትህ እንዳይሰሙ። ይሄ እኮ አልኮል አለበት። ተጉመጥምጠው የሚተፉት ነው።»

አስተግፊሩላህ አልኩ። ለላሟ የዘፈንኩት ሁሉ ያኔ ገባኝ።

ምላሴን አስወጡና በትንሽ መስታወት አሳዩኝ። ፊት ፊቱ ቀይ ነው። ወደ ጉሮሮ ጠጋ ያለው ግን እንደ ከረመ ቂጣ ነጭ ነገር ለብሷል። የሚሸተው እሱ ነው እንጂ ሆድህ አይደለም አሉኝ፤ የምግብ ትራፊ እዚያ ይደበቃል፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ይበሉታል፣ ሽታው ከእነሱ የሚወጣ ነው። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ጥርሴን ስፍቅ ምላሴን ረስቼዋለሁ። ይህን ሁሉ ሰምቼ ጠርሙሱ ለምን ለትንሽ ጊዜ ብቻ እንደሠራ ግን አልገባኝም።

«እናትህ የወተት ዕቃዋን ሳታጥብ ብታጥነው ምን ይሆናል?» አሉኝ።

«መጀመሪያ ወይራ ወይራ ይላል። ማታ ይከረፋል።»

«አንተ ሳታጥብ ነው የምታጥነው።»

እንደዚያ ሲሉኝ ገባኝ። መጀመሪያ ምላሴን ከሥሩ ወደ ፊት በሻይ ማንኪያ ቀስ አድርጌ እንድፍቅ፣ ለብ ባለ የጨው ውሃ እንድታጠብ፣ ከዚያ መድኃኒቱን አፌ ውስጥ ይዤ፣ ቀና ብዬ፣ ጉሮሮዬ ደጃፍ ላይ ሳልውጠው በትንፋሽ እያንገረገርኩ እንድተፋው አሳዩኝ። የሚያቃጥለው ነገር ተሕዋስያኑን ይገድላል፤ ናናው ደግሞ የቀረውን ሽታ ለጊዜው ይሸፍናል። ሲዋጥ ግን ሽታው ካለበት ቦታ ሳይቆይ አልፎ ይወርዳል። የተረፉት ደግሞ ተመልሰው ይራባሉና በየቀኑ ነው አሉኝ። አፍ የራሱ አጣቢ እንዳለውም ነገሩኝ፤ ምራቅ። ምራቅ ሲደርቅ ሽታ ይበረታል፤ ስለዚህ ነው ጠዋት ስንነሳ የካድሬውም የገበሬውም አፍ እኩል የሚሆነው። በመጨረሻ ራስን መመርመሪያ አስተማሩኝ፦ የእጅህን አንጓ ላስ፣ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ አሽትት። እዚያው አደረግሁት። ያን ቀን ዘሀራን በጣም አከበርኳት።

የቀረችውን መድኃኒት ለውጫሌ አስቀምጬ ጨውና የቅርንፉድ ውሃ ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት ጓሮ ቆሜ ሳንገረግር እናቴ መጀመሪያ ቀን ታንቄ መስሏት እየጮኸች ወጣች። ልምምድ ላይ ዘሀራ ፊቷን እስከ ሐይቁ አላዞረችም፤ እስከ አስፋልቱ ብቻ። ሰንበት ብሎ እስከ ትከሻዬ። ጓድ ታደሰ ግን አላመነኝም። ወደ ውጫሌ የሚወስደን መኪና ላይ ስንወጣ ይመር የእኔን የመሰለ የጭፈራ ልብስ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል።

መንገዱ አረንጓዴ ነበር፤ ማሽላው አንገቱን አውጥቷል፣ የአምባሰል ተራራ ግማሹ ደመና ውስጥ ነው። ጠዋት ፍቄ፣ ታጥቤ፣ የመጨረሻዋን መድኃኒት ተጉመጥምጬ ወጥቻለሁ። አፌ አዲስ ቤት ነበር። ግን ውጫሌ ስንደርስ ተሰለፉ ተባልን፤ ንግግር አለ። አንዱ ተናገረ፣ ሌላው ተናገረ፣ ሦስተኛው የሁለቱን ደገመው። የጳጉሜ ፀሐይ ደመና ቀዳ ስትወጣ ታውቋታላችሁ። ከሰልፍ መውጣት ክልክል ነው፣ ውሃ የለም። ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። ቀስ ብዬ አንጓዬን ላስኩና አሸተትኩ። ያ አሮጌው እንድሪስ ከሐይቅ ድረስ በእግሩ ተከትሎኝ መጥቷል።

ጓድ ታደሰ እጄን አፌ ላይ አየና ይመርን በዓይኑ ጠቀሰው። ይመር ቀበቶውን አጠበቀ። ዘሀራ አጠገቤ ናት፤ ወደ እኔ አላየችም፣ መቀነቷን ብቻ ትጠመዝዛለች።

ያኔ ከሰልፉ ጀርባ ሎሚ ዘርግታ የምትሸጥ ሴትዮ አየሁ። ገና ሎሚውን ሳየው የአፌ ጥግ ረጠበ። ጋሽ አበበ ያሉኝ ትዝ አለኝ፤ አጣቢው እኮ እዚሁ እኔው ውስጥ ነው፣ መጥሪያ ነው ያጣው።

«እታለም፣ በአላህ አንዷን ወርውሪልኝ» አልኳት በሹክሹክታ።

ወረወረችልኝ። ከነልጣጩ ነከስኳት። ምራቄ እንደ ክረምት ምንጭ ፈላ። ግማሿን ለዘሀራ ሰጠኋት፣ እሷም መጥጣ ለቀጣዩ አሳለፈች፤ ሴትዮዋ ደስ ብሏት ሌላም ጨመረችልን፤ የሐይቅ ኪነት ሙሉ ሰልፍ ፊቱን አጨማዶ ሎሚ ይመጣል። ለካ ፊት ለፊታችን የተሰለፈው የውጫሌ ዋሽንት ነፊ እኛን እያየ ምራቁ ሞልቶበታል። ተራቸው ደርሶ ሲነፋ ዋሽንቱ ውሃ ውሃ አለ። ይህን ወላሂ አላሰብኩትም። ውጫሌዎች ግን እስከ ዛሬ በሎሚ ተሸነፍን እንጂ በጭፈራ አልተሸነፍንም ይላሉ።

ውሸት ነው። በጭፈራ ነው። በአምባሰል ቅኝት ቀስ ብለን ጀመርን፣ ከዚያ ከበሮው ገባ። ትከሻዬን ለቀቅሁት። ዘሀራ እየተንቀጠቀጠች መጣች፣ መጣች፣ አፍንጫዋ አፍንጫዬ ጋ ደረሰ። ጓድ ታደሰ ዓይኑን ጨፍኗል። «እስ፣ እስ፣ እስ» አልኩ።

አልዞረችም። ይልቁንም አንድ እርምጃ ጨመረችና «እስ፣ እስ» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ ከበሮውን በእጇ አስቆመችና በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ራሷ አወጣችው፦

አፍንጫዬን ይዤ ይኸው መጥቻለሁ፤
ሎሚ እየሸተተኝ ወዴት እዞራለሁ።

ሜዳው በእልልታ ተገለበጠ። የእኛ ሴቶች የራሳቸው ግጥም ተመልሶ ሲመጣ ከውጫሌዎች በላይ ጮኹ። ዳኞቹ ብዙም አልተማከሩም። ደሴ ገባን፤ ይመርም ያን የመሰለ ልብስ ለብሶ ከኋላዬ እያጨበጨበ ገባ። ዘሀራን በዓመቱ አገባኋት።

አሁን የልጅ ልጄ ይህን ሁሉ ሰምታ ሳቋን መግታት አቃታት። እኔም ከጠርሙሷ በክዳኑ ቀዳሁ፣ ተጉመጠመጥኩ፣ እያንገረገርኩ አሳየኋት፣ ተፋሁት። እንደ ሰለጠነ ሰው። ሳስበው ያኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ አፍንጫ የሌለው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያሸተኝ ነበር። አፍ የነበራት ግን ዘሀራ ብቻ ናት። እሷ ባትነግረኝ ኖሮ ያ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ለላም ይጨፍር ነበር።

አፌን ጠርጌ ወደ ደጅ ወጣሁ። ዘሀራ ጎመኑን አስቀምጣ ተነሣች፤ በየቀኑ መስጊድ ከመሄዴ በፊት የምታደርገው ነው። አፍንጫዋን አፍንጫዬ ጋ አደረሰችው።

«ተንፍስ» አለችኝ።

ተነፈስኩ። ሐይቁ ከኋላዋ ነበር፤ አልዞረችም።