መብራቱን አትቀንሰው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ግሬግ ለንደን፣ ካምደን ሰፈር ውስጥ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ከፍቶ አሳየኝ። አንድ ወንበር፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ መብራት፣ ሰው የማይቆምበት ካሜራ፣ ከወንበሩ ኋላ ደግሞ የፓርላማው ሰዓት የሚታይበት ትልቅ ፎቶ። ፎቶውን በእጁ እያሳየ «መስኮቱ ነው» አለኝ። ክፍሉ መስኮት የሚባል ነገር አልነበረውም። አሜሪካ ላለ ተመልካች ግን ለንደን ማለት ያ ፎቶ ነበር።

ክፍሏን ለአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እናከራያለን። ስለ ምርጫቸው፣ ስለ ምክር ቤታቸው ከለንደን የሚናገር ሰው ሲፈልጉ እኛ ጋ ይልኩታል። የእኔ ሥራ ማይኩን ኮቱ ላይ መሰካት፣ ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ መክተት፣ ፊቱ እንዳያብረቀርቅ ዱቄት መቀባት፣ መብራቱንና ካሜራውን ማስተካከል ነው። ከዚያ ኒው ዮርክ ሲጠሩኝ «ለንደን ዝግጁ ነው» እላለሁ።

«ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ብዙም አላውቅም» አልኩት ግሬግን።

«ማወቅ አይጠበቅብህም» አለኝ።

«እንግዶቹስ?»

«እነሱም አይጠበቅባቸውም።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በኋላ ሳየው የሥራው መመሪያ ኖሯል።

ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ተንታኝ ነበር። ሰኞ የጦርነት ሊቅ ነው፤ ሐሙስ የግብር ሊቅ። ምርጫ ሲደርስ ደግሞ በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን የአሜሪካ ገበሬ የልቡን ሐሳብ ይነግረናል። ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ «ዛሬ ርዕሱ ምንድን ነው?» ብሎ ነው።

ሁለት ወንበር የሚያስገቡን ደግሞ ነበሩ፤ አንዱ የአንዱ ፓርቲ፣ ሌላው የሌላው ደጋፊ። በአየር ላይ አገር አጥፊ ተባብለው፣ ጣት ተቀሳስረው ይጨርሳሉ። ማይካቸውን ስነቅልላቸው ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ያወራሉ፤ ከዚያ በአንድ ታክሲ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሰሞን ልገላግላቸው ተነስቼ ነበር፤ ግሬግ በዓይኑ አስቀመጠኝ።

ኒው ዮርክ ያለችው ፕሮዲዩሰር ኬሊ ትባላለች። መልኳን አይቼ አላውቅም፤ ድምፅዋ ግን ለዓመታት ጆሮዬ ውስጥ ኖሯል። ለእንግዳው የምትለውን እኔም እሰማለሁ። «ትንሽ ሞቅ ይበሉ» ትላለች። «ተቆጡ እንጂ» ትላለች። እንግዳው «በሌላ በኩል ሲታይ ደግሞ» ብሎ የጀመረ እንደሆነ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ያ ሰው ከዚያ በኋላ አይጠራም።

ስለ መብራት ግሬግ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነበር። «እንባ ያቀረረ ዓይን ሊቅን ውሸታም ያስመስለዋል። ዓይኑ ካቀረረ ቀንስለት።» ይህን ሕግ ለዓመታት ሳላዛንፍ ጠበቅሁ።

እትዬ ዘውዴን የማውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ኪልበርን ሰፈር ይኖራሉ፤ ሥራቸው ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ልጃቸው ዳዊት አሜሪካ ገብቶ ጥገኝነት ጠይቆ፣ ማስረጃው ሳይታይለት ታስሮ ከርሟል። ጠበቃው በዚያ ወር ውስጥ ካልታየለት ወደ መጣበት ሊመልሱት እንደሚችሉ ነገራቸው። ቢመለስ ምን እንደሚጠብቀው እሳቸውም እኔም እናውቃለን።

ጉዳዩን ያነሳል የተባለው ልጁ በታሰረበት አካባቢ የተመረጠ የምክር ቤት አባል ነበር። እትዬ ዘውዴ ወደ ቢሮው ደጋግመው ጻፉ። የሚመጣው መልስ ሁሉ «በትኩረት እየተከታተልነው ነው» ይላል። በመጨረሻ ስልክ ያነሳች አንዲት ሠራተኛ አዘነችላቸውና እውነቱን ነገረቻቸው። አለቃዋ ጠዋት ቢሮ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ቴሌቪዥኑን ነው፤ እዚያ ያልወጣ ጉዳይ ጠረጴዛው ላይ አይወጣም።

«ተስፋዬ፣ አንተ እዚያ ቴሌቪዥን ቤት አይደለህ?» አሉኝ ቅዳሴ እንዳለቀ። «ቼክ አድርግልኝ እስኪ።»

ኬሊን ጠየቅኋት። የስደተኛ ነገር የሰሞኑ ርዕስ ስለነበር እሺ አለች።

እትዬ ዘውዴ ከሥራ ፈቃድ ወስደው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ግራ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይኼ ዓይኔ ብርሃን አይችልም» አሉኝ።

እንደ ሕጉ መብራቱን ቀነስኩላቸው። ዓይናቸው ደረቀ፤ በሙያዬም ደስ አለኝ።

ኒው ዮርክ ያለው አቅራቢ በማዳመጫው ስለ ልጃቸው ጠየቃቸው። እትዬ ዘውዴ እንደ ጨዋ ሰው ከሰላምታ ጀመሩ። እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው። እንደምን ዋላችሁ አሉ። ዕድሉን የሰጣቸውን ጣቢያ አመሰገኑ፣ አዘጋጆቹን አመሰገኑ፣ መብራት የቀነሰላቸውን ተስፋዬን አመሰገኑ። የአቅራቢውን ቤተሰብ ደህንነት ጠየቁ፤ ሰውየው በዕድሜው በአየር ላይ እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም መሰለኝ፣ ደነገጠ። ለአሜሪካ ሕዝብ ሰላም ተመኙ። ከዚያ «ወደ ልጄ ጉዳይ ስመጣ» አሉ።

እዚያ ላይ ተቆረጡ። ከካሜራው ሥር ባለው ስክሪን ላይ አንድ የምርጫ ቅስቀሳ አዳራሽ መጣ። ባዶ አትሮኖስ፣ ከኋላው ባንዲራ። አንድ ዕጩ ሊናገር ነው ተብሏል፤ ገና ከመኪናው አልወረደም።

እትዬ ዘውዴ ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩ። «ማነው የሚናገረው?»

«ገና አልመጣም።»

«ታዲያ ምን እያዩ ነው?»

«እንጨቱን።»

«እሺ» አሉ እጃቸውን አጣምረው። «እንጨቱ ሲጨርስ እቀጥላለሁ።»

እንጨቱ አልጨረሰም። ሊቃውንቱ ስለ ባዶው አትሮኖስ ሲተነትኑ፣ ዕጩው ለምን እንደዘገየ ሲከራከሩ ሰዓቱ አለቀ። እጅግ ተናደድኩ። እትዬ ዘውዴ ግን ማይኩን ነቅለው በጨዋ ደንብ አስረከቡኝ።

በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ ኬሊን ለመንኳት።

«ተስፋዬ፣ ሴትዮዋ ደስ ይላሉ» አለችኝ። «ግን ያለቅሳሉ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እናት ናቸው፤ ልጃቸው ታስሯል። ሰው እንባ ይጠብቃል። የሚያለቅሱ ከሆነ ሐሙስ ቦታ አለኝ።»

ይህን ለአንዲት እናት እንዴት አድርገው ያደርሱታል? ኪልበርን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘኋቸውና እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልጄ በሕይወት እያለ ላልቅስለት? ሟርት ነው! በቁሙ ቅበሪው ነው የምትለኝ? የሞተ እንደሆነ ነው የሚለቀሰው። አላደርገውም።»

ልክ ነበሩ። እኔም የእናት ልጅ ነኝ፤ ለደህና ሰው ማልቀስ ምን እንደሆነ አላጣሁትም። አፈርኩ። አውቶቡሱ መጣ፤ አልተሳፈሩም። ሌላም መጣ።

«ያ መብራት» አሉ፣ «ባለፈው የቀነስክልኝ።»

«አዎ።»

«ሐሙስ አትቀንሰው።»

«ለምን?» አልኳቸው።

«ዓይኔ ያልቅስ። እኔ አላለቅስም።»

«እትዬ ዘውዴ፣ ይኼ ማታለል አይሆንም?»

«እኔ ውሸት አልናገርም፤ አላለቅስም፣ አለቀስኩም አልልም። ደግሞስ ያ ከኋላዬ ያስቀመጥከው መስኮት፣ መስኮት ነው?»

ሐሙስ መብራቱን እንዳለ ተውኩት።

አቅራቢው ገና ሳይጠይቃቸው ግራ ዓይናቸው ሞላ። ሰላምታም ምስጋናም የለም። «ልጄ ዳዊት ይባላል» አሉ። «ማስረጃው ቀርቧል፤ ያየው የለም። የምክር ቤት አባሉ እየተከታተልኩ ነው ብለውኛል። የት እንዳደረሱት ይንገሩኝ።» ድምፃቸው አውቶቡሱ የት እንደሚቆም ሹፌሩን የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። ድምፁን ግን የሰማው የለም፤ ሁሉም የሚያየው እንባውን ነው። አቅራቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይቸኩሉ፣ ጊዜ ይውሰዱ» አላቸው። ኬሊ ጆሮዬ ውስጥ «ካሜራውን አቅርበው፣ አቅርበው» እያለች ትንሰቀሰቃለች። የዚያን ዕለት ያለቀሰች እሷ ብቻ ናት።

በማግስቱ የምክር ቤት አባሉ ራሱ በዚያው ፕሮግራም ቀረበ። ፊቱ በደንብ ዱቄት ተቀብቷል። ጉዳዩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በግሉ ሲከታተል እንደቆየ ተናገረ። የዳዊትን ስም ሲጠራ ወረቀት አየ። ከኋላው የምክር ቤታቸው ጉልላት ይታያል። መስኮት ነው ብለውት ይሆናል።

ጠበቃው ለወራት ያላስነሳው ፋይል በቀናት ውስጥ ተነሳ። ማስረጃው ታየ፤ ዳዊትም ጉዳዩን ከእስር ውጭ ሆኖ እንዲከታተል ተፈታ።

ኬሊ ወዲያው ደወለች፤ እናትየው መጥተው ደስታቸውን እንዲያሳዩ ትፈልጋለች። ለእትዬ ዘውዴ ነገርኳቸው።

«ሺፍት አለብኝ በላት» አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ጨመሩ፤ «ዳዊት የደወለልኝ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። አለቀስኩ፣ ተስፋዬ። ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ። የደስታ ነው፤ እሱ ሟርት የለውም።»

ደስ አለኝ፤ ቀናሁም። የሠራሁለት ጣቢያ ሁሉ የሚፈልገውን እውነተኛ እንባ አንድ የለንደን አውቶቡስ በነጻ አየው።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ቦታዬን የያዙት ወጣቶች አልፎ አልፎ ስለ ሥራው ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ይህን ነው፤ እንግዳው ሲቀመጥ መብራቱን ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁት። አንዳንዱ ዓይኑ እንዲደርቅለት ይፈልጋል። አንዳንዱ ልጁ እንዲፈታለት።