ሳልሰማ የፈረምሁት

በእስራኤል አገር፣ በቤር ሼቫ፣ በአሮጌው ከተማ ዳር በነበረ የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ሥራ የጀመርሁት እሑድ ቀን ነው። ጸሐፊዋ በመስኮቱ አየችኝና «ከየትኛው ሐኪም ጋር ነው ቀጠሮሽ?» አለችኝ። «ቀጠሮ የለኝም፤ አዲሷ ተለማማጅ ነኝ» አልኋት። ስሜን ከዝርዝሩ ላይ እስክታገኘው ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ።

የተመደበችልኝ ማድሪኻ ራኼል ትባል ነበር። ማድሪኻ የምንላት ተለማማጁን የምታሠለጥን፣ ከታካሚዎቹ ጋር የሚሠራውን የምትከታተል፣ በስተመጨረሻም የምትፈርምለት ነባር ባለሙያ ናት። ከእርሷ ጋር ለብቻ በሳምንት አንድ ሰዓት መቀመጥ ግዴታ ነው። ያን ሰዓት ሀድራኻ እንለዋለን።

ራኼል ቁጡ ነበረች። ታካሚ አይቼ ስወጣ ምን እንደመሰለኝ አትጠይቀኝም። «እሱ ምን አለ?» ነው የምትለኝ። የተባለውን ቃል በቃል እጽፋለሁ። ታካሚው በአማርኛ ከተናገረ በፊደላችን እጽፍና ከሥሩ በዕብራይስጥ እተረጉመዋለሁ። ራኼል ፊደሉን ማንበብ አትችልም፤ መስመሩን ግን ትቆጥረዋለች። «አራት መስመር ተናግሮ አንድ መስመር ተረጎምሽልኝ። ሦስቱ የት ሄዱ?» ትለኝ ነበር። በዚያን ጊዜ እጠላት ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ እኔም ማድሪኻ ሆንሁ። በክሊኒኩ አማርኛ የምናውቅ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጥቂት ስለሆንን ሥራው ይበዛብኝ ነበር። በአንድ ወቅት አራት ተለማማጆች ይዤ፣ የራሴን ታካሚዎች እያየሁ፣ የክልሉ ስብሰባ ላይም እቀመጥ ነበር። ቃል በቃል መጻፉን የተውነው ያን ጊዜ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ለማጠቃለያ የተተወው ቦታ ትንሽ ነው፤ የሚሞላውም በዕብራይስጥ ብቻ ነው። ተለማማጁ ይሞላል፣ እኔ አነብና እፈርማለሁ።

ሞራን የመጣችው በዚያው ዓመት ነው። ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ እርሷ እዚሁ ሽኩና ሄ በሚባለው ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነበር። «ብላ፣ ጠጣ፣ ና፣ ሂድ ነው የማውቀው» ብላ ራሷ በዕብራይስጥ ነገረችኝ። ይህን እየሰማሁ አማርኛ እንጂ ሌላ የማይናገሩ ሽማግሎችን ሰጠኋት። ሌላ ሰው አልነበረኝም። «ትለምጂዋለሽ፤ ሲቸግርሽ እኔ አለሁ» አልኋት።

ከሰጠኋት አንዱ አባባ ፈረደ ነበሩ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሽኩና ቫቭ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጉልበት በነበራቸው ጊዜ ከከተማው ውጭ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል። በሰፈሩ የታመኑ ሰው ናቸው፤ ሆስፒታል የሚገባም፣ ወደ አገር ቤት ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድም የቤቱን ቁልፍ ከእርሳቸው ዘንድ ትቶ ነው የሚሄደው። ወደ እኛ የላኳቸው የቤተሰብ ሐኪማቸው፣ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ብሏቸዋል ብለው ነው።

ሞራን ወደደቻቸው። ደረጃው ድረስ ወርዳ ትቀበላቸዋለች። ያልገባትን ቃል መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋ ትመጣና ትጠይቀኛለች። እኔም ጊዜ ሲኖረኝ እመልስላታለሁ።

የእኔና የእርሷ ሀድራኻ ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ነበር፤ በእስራኤል አቆጣጠር ነው፣ እንደ እኛ ረፋድ አራት ሰዓት። አንድ ማክሰኞ ስብሰባ ስለነበረኝ ሰረዝሁት። ማግሥቱን፣ ረቡዕ፣ ሞራን አባባ ፈረደን አይታ ስትወጣ ወደ ክፍሌ መጣች። እኔ ቦርሳዬን አንግቼ በሩን ልቆልፍ ነበር።

«የሺ፣ አንድ ደቂቃ» አለችኝ። «አደራ ምንድን ነው?»

«ሰው አምኖሽ እንድትጠብቂለት የሰጠሽ ነገር ነው። ምነው?»

«አባባ ፈረደ አደራዬን ሁሉ መለስሁ አሉኝ። የጎረቤቶቹን ቁልፎች ለየባለቤቱ ሰጥተው ጨረሱ። አሁን ቀለለኝ ይላሉ። ጥሩ ነው፣ አይደል?»

«ጥሩ ነው። ጻፊውና ማክሰኞ እናየዋለን» አልኋትና በሩን ቆለፍሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ማጠቃለያዎች ከፈትሁ። የሞራን እንዲህ ይላል፦ «ታካሚው መቅለል እንደተሰማው ይናገራል። ስሜቱ ተሻሽሏል። ለራሱ ሕይወት የሚያሰጋ ምልክት የለም።» ስለ ቁልፎቹ የተጻፈ የለም። ፈረምሁና ወደሚቀጥለው አለፍሁ።

እሑድ ጠዋት የአባባ ፈረደ ልጅ ዓለምነሽ ደወለች። ቅዳሜ ልትጠይቃቸው ሄዳ ሞተው አግኝታቸዋለች። በገዛ እጃቸው ነው።

ስልኩን ሳስቀምጥ የሞራን ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነበር። እንደ እኔ ጎንደር ገጠር ያደገ ሰው ሽማግሌ ሳይጠየቅ የሰዉን አደራ ሁሉ ሲመልስ ካየ «ወዴት ሊሄዱ ነው?» ይላል። አደራ የሚመለሰው በሁለት ነገር ነው፤ ባለቤቱ ሲፈልገው ወይም ጠባቂው ሲሄድ። ሞራን ይህን ከየት ታውቀዋለች? ስላላወቀች ነው እኔ ዘንድ የመጣችው። እኔ ግን ቃሉን እንደ መዝገበ ቃላት ፈትቼ ሰጠኋት።

ከለቅሶው በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። የክሊኒኩ ኃላፊ አቪጋይል፣ ከክልሉ የተላኩ አንድ ሐኪምና አንዲት የሕግ ሰው ነበሩ። እኔና ሞራን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዓለምነሽ ስለ ቁልፎቹ ቀድማ ነግራቸው ነበር።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «ታካሚው ቁልፎቹን መመለሱን ተለማማጇ አሳውቃሽ ነበር?» አለኝ።

«ማጠቃለያው ላይ አልተጻፈም» አልሁ።

«በቃልስ?»

«በሀድራኻ ሰዓት አልተነሣም።»

ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ የዚያን ሳምንት ሀድራኻ ራሱ አልነበረምና። በሁለት እውነት አንድ ውሸት ዋሸሁ።

ሞራን አየችኝ። ከዚያ አቀርቅራ ጉልበቷን ማየት ጀመረች። «የምትጨምሪው አለሽ?» ቢሏት «የለኝም» አለች። ታላቅን ሰው በሰው ፊት ማሳጣት ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ ናት። በዚያ ላይ ወደ ፈተና የምታልፍበትን ግምገማ የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ዝም እንደምትል አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው የተናገርሁት።

ኮሚቴው «ተለማማጇ አሳሳቢ ምልክት ለማድሪኻዋ ሳታሳውቅ ቀርታለች» ብሎ ጻፈ። ልምምዷ ተቋረጠ። የሠራተኛ መታወቂያዋን ለጸሐፊዋ ሰጥታ ወጣች። በክፍሌ በር ስታልፍ አይቻታለሁ፤ አልተነሣሁም።

ሁለት ሳምንት ያህል እንደ ወትሮው ሠራሁ። ከዚያ የሞራንን የመዝጊያ ግምገማ እንድሞላ ተላከልኝ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ተለማማጁ ጥርጣሬና ችግር ሲገጥመው ወደ ማድሪኻው ይመጣል?» ይላል። «አዎ» እና «አይደለም» ብቻ ነው ያለው። «አይደለም» የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ ስል ቅጹን ዘጋሁት። ተነሥቼ ወደ አቪጋይል ክፍል ሄድሁ።

የሆነውን ነገርኋት። እስክጨርስ ሰማችኝና «የሺ፣ ፋይሉ ተዘግቷል። ለጡረታሽ ሁለት ዓመት ነው የቀረሽ። ለምን ትከፍቺዋለሽ?» አለችኝ።

«የተጻፈው ትክክል ስላልሆነ።»

«አልዋሸሽም እኮ።»

«ዋሽቻለሁ» አልኋት። በጽሑፍም ሰጠኋት።

ኮሚቴው እንደገና ተቀምጦ ጽሑፉን አረመ። ማሠልጠን ተከለከልሁ። ታካሚዎቼን እያየሁ እስከ ጡረታዬ ቆየሁ። ለሞራን መመለስ እንደምትችል የሚገልጽ ደብዳቤ ተላከላት።

ከደብዳቤው በኋላ ቤቷ ሄድሁ። እናቷ አስገቡኝና ውሃ ሰጥተውኝ ወደ ጓዳ ገቡ። ሞራን ከፊቴ ተቀመጠች። በአንድ የዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ መዝጋቢ ሆና መቀጠሯን ነገረችኝ።

«ደብዳቤው ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል።»

«ትመለሻለሽ?»

«አልመለስም።»

«በእኔ ነው?»

«የዚያን ቀን ኮሚቴው ፊት አንቱ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ» አለችኝ በአማርኛ። ከዚያ በፊት በዕብራይስጥ፣ በስሜ እየጠራች አንቺ ነበር የምትለኝ፤ በሥራችን እንደዚያ ነው። አንቱ ያለችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይቅርታ ጠየቅኋት። «እሺ» አለች። ይቅር ማለቷ ይሁን እንድሄድላት መፈለጓ አላወቅሁም።

ዓለምነሽ ዘንድ ለመሄድ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ፈራሁ። ኮሚቴው የታረመውን ወረቀት ልኮላታል፤ ነገር ግን በዕብራይስጥ የተጻፈ የቢሮ ቃል ነው። በአማርኛ ልነግራት ፈለግሁ። የአባቷን ቤት ልታስረክብ ዕቃ ስታሰናዳ ነው ያገኘኋት። ቆመን ተነጋገርን።

«አባቴ ነግረዋችሁ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ነግረውናል።»

«ምን ብለው? በራሳቸው ቃል ንገሪኝ።»

«አደራዬን ሁሉ መለስሁ፤ አሁን ቀለለኝ።»

እጇን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ቆመች። «ይህን ለእኔ ቢሉኝ ይገባኝ ነበር» አለች። ከዚያ ዞራ ዕቃ ማሰናዳቷን ቀጠለች። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ማድሪኻ የሆኑ ወጣቶች አንዳንዴ ደውለው ምክር ይጠይቁኛል። የምነግራቸው ይህን ነው፦ ታካሚውን የሚያየው ተለማማጁ ነው፤ ተጠያቂው ግን የሚፈርመው ነው። ታካሚው ያለውን በራሱ ቋንቋ ሳትሰሙ አትፈርሙ። ለመስማት ጊዜ ከሌላችሁ ተለማማጅ አትቀበሉ።