ይነሳ የተባለው ጽጌረዳ

የማተሚያ ቤቱን አትክልተኛ ሁሉም ፊት ለፊት «ጋሼ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ግን «ኮምጣጤ» ነው። ደግሞ አልተሳሳቱም። «ደህና አደርክ?» ላለው ሁሉ «ምን ደህና አለ ብለህ ነው?» የሚል ሰው ሌላ ምን ይባላል? ሚስቱ ከሞተች ወዲህማ ፈገግታ የሚባል ነገር ፊቱ ላይ ዝር ብሎ አያውቅም።

ሚስቱ እዚያው ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ ነበረች። በሩ አጠገብ ያለውን ጽጌረዳ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት አንዲት ቅርንጫፍ ሰክታ የጀመረችው እሷ ናት። አሁን ግንዱ ክንድ አክሏል፤ ቁመቱም የዘበኛውን መስኮት አልፏል። ኮምጣጤ ለሰው የነፈገውን ደግነት ሁሉ ለዚህ ጽጌረዳ ነው የሰጠው። ሲጠራት «እሷ» ነው የሚላት። ጠዋት ጠዋት ውኃ ሲያጠጣት የልጃቸውን ወሬ ሳይቀር ይነግራታል።

አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ከመጣች ጀምሮ ግን ሥጋት ገብቶት ነበር። የመኪና ማቆሚያው ይሰፋል የሚል ወሬ አለ። ሴትየዋም በወጣች በገባች ቁጥር ጽጌረዳዋ ፊት ቆም ትላለች። «ዓይኗን ጥላባታለች፤ ሳታስነቅላት እንቅልፍ አይወስዳትም» ይል ነበር ለዘበኛው።

ሰኞ ዕለት የሥራ አስኪያጇ ጸሐፊ ብጣሽ ወረቀት ሰጠችው። «በሩ አጠገብ ያለው ጽጌረዳ እስከ ዓርብ ይነሳ» ይላል።

«አላልኩም ነበር!» አለ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ተይኝ እስቲ ልጄ!»

ወረቀቱን ጨብጦ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ በር ድረስ ሄደ። ሊያንኳኳ እጁን ዘረጋና መለሰው። ለምኖ ሊሳቅበት? ሞቶ ነው!

እንግዲያው ነፍሷ እንኳን ትትረፍ ብሎ ከወረቀት መጋዘኑ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈረ። ጊዜው እንዳልሆነ ለሱ ነጋሪ አያስፈልገውም። የቆየ ጽጌረዳ የሚዛወረው አበባ ሳይዝ ነው፤ እሱም ሥሩ ቀደም ብሎ ዙሪያውን ተቆርጦ አዲስ ሥር ካወጣ በኋላ። እሷ ደግሞ ገና መፈንዳቷ ነበር። ማክሰኞ አጠጥቶ አሳደራት። ረቡዕ አበባውን ከነእንቡጡ በመቀስ ከረከመው፤ ቅርንጫፎቿን በግማሽ አሳጠረ። እየቆረጠ አለቀሰ። ዘበኛው ሲያየው «እሾህ ወግቶኝ ነው» አለ። ከዚያ ዙሪያዋን በሰፊው ቆፍሮ፣ አፈሩ እንዳይረግፍ ሥሯን በጆንያ ጠቀለለ። ዋናው ሥር ግን አስፋልቱ ስር ገብቶ ኖሯል። ቢጎትት፣ ቢገፋ፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ በመጥረቢያ መታው። ሥሩ ሲሰነጠቅ ሲሰማ መጥረቢያውን ጥሎ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲመሽ በጋሪ ወስዶ ከመጋዘኑ ጀርባ ተከላት።

ሁለት ቀን ለስብሰባ ውጭ የሰነበተችው ሥራ አስኪያጅ ዓርብ ጠዋት ካሜራ ካነገተ ሰው ጋር መጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ክው አለች።

«ጋሼ፣ ጽጌረዳውስ?»

«ይነሳ አላሉም? አነሳሁታ!»

«ኧረ ፎቶ ነው! ፎቶ ይነሳ ነው ያልኩት፣ ለካላንደሩ!»

ለካ ጸሐፊዋ «ለካላንደር ፎቶ» ከሚል ረጅም ዝርዝር ውስጥ የሱን መስመር ብቻ ገልብጣ፣ ርዕሱን ትታው ነበር። ጸሐፊዋ ተጠርታ ስትመጣ አፏን በእጇ ያዘች። የባሰው ግን ሥራ አስኪያጇ ቀጥላ የተናገረችው ነው።

«የመጀመሪያው ገጽ ላይ አውጥተን ከሥሩ የባለቤትዎን ስም ልንጽፍ ነበር እኮ። የተከሉት እሳቸው መሆናቸውን ጠራዦቹ ነግረውኝ...»

ኮምጣጤ ባልዲውን አንስቶ ወደ መጋዘኑ ጀርባ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ አጠጣት፤ ፀሐይ እንዳይመታትም ሸራ ወጠረላት። ቅጠሏ መጀመሪያ ጠወለገ፤ በኋላ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ሆነ። አንድ ቀን ግንዷን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ቡኒ ነው። ዝቅ ብሎ ፋቀ። እዚያም ቡኒ ነው፤ አንድም አረንጓዴ የለም።

ቤት ሲገባ አብራው የምትኖረው ልጁ ፊቱን አይታ ደነገጠች። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገራት።

«አባዬ፣ በሯ ድረስ ሄደህ ለምን አልጠየቅካትም? አንድ ቃል እኮ ነበር!»

ጫማውን ለማውለቅ አጎንብሶ ነበር። ቀና አላለም።

«ክፉ እንዳሰበች እርግጠኛ ነበርኩዋ» አላት።