እትዬ ፍሬንና የበሩ ስፒከር

ታክሲ ነጂዋን አክስቴን የታክሲ ተራው ሰው «እትዬ ፍሬን» ይላታል፤ ድመት ባየች ቁጥር ፍሬን ስለምትይዝ። ያን ሰሞን ግን ምላሷ ፍሬን አልነበረውም። ልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ በሬዲዮ የቀትር ዜና ልታነብ ነው! ይህን ለሾፌሩም፣ ለተሳፋሪውም፣ ለትራፊክ ፖሊሱም ተናግራለች፤ ሁሉንም ከመኪናዋ መጥተው እንዲሰሙ ጋብዛለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ መመለስ የለም።

ጉዱ ግን መኪናዋ ነፍስ ያለው አንድ ስፒከር ብቻ ነው ያላት። እሱም የሾፌሩ በር ላይ ያለው ሲሆን፣ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ድምፁ ይቆራረጣል። ስለዚህ በዕለቱ ጠዋት ይዣት ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው የበሩን ልባስ ሲፈታ እሷው ጠምዝዛ በናስትሮ የጠቀለለችው ሽቦ ዱብ አለ።

«እትዬ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አላት።

ከዚያ የሽቦ ማገናኛ ዓይነቶችን ዘረገፈላት። በብሎን የሚጠብቀው በመኪና ንዝረት ይላላል አለ። በእርሳስ ብንበይደውስ ስትለው፣ ብየዳ ጠንካራ ቢሆንም እንደ በር በሚተጣጠፍ ቦታ ሽቦው ከብየዳው ጫፍ ላይ ይሰበራል አለ። የሚሻለው ሽቦው ውስጡ ገብቶ በፒንሳ የሚጨመቀው ትንሹ የመዳብ ቱቦ ነው። አክስቴ ትልቅ ነገር ትወዳለችና ከሁሉም ወፍራሙን አነሳች። ተጨመቀ፤ ሳብ ብታደርገው ሽቦው ሹልክ ብሎ ወጣ።

ለሚያድግ ልጅ ልብስ የሚገዙ መሰለዎት እንዴ ብሎ ሳቀባትና በሽቦው ልክ መረጠላት። እሱን እግሯን በሩ ላይ ተክላ ብትጎትተው ወይ ፍንክች! ደስታ አላስቀምጥ አላስቆም ብሏት በሩን ደጋግማ ስታላትመው የጎረቤቱ ጥበቃ ምን መጣ ብሎ ብቅ አለ።

ቀትር ላይ መኪናው ጢም ብሏል፤ ቦታ ያጣው በመስኮት ተንጠልጥሏል። የዜናው ሙዚቃ አለቀ። «ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቻችን» አለች ልጅቷ፤ ድምጿ ኩልል ብሎ። ከዚያ ጸጥ አለ።

የሁላችንም ዓይን በሩ ላይ ተተከለ። አንዱ ሾፌር ያ ናስትሮሽ ጉድ ሠራን እያለ ልባሱን ሊነቀንቅ እጁን ሲሰድ አክስቴ ያዘችው።

«ተው፣ አትንካው። ሽቦው አይደለም፣ እሷ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ደስ ሲላት ትንፋሿ ይያዛል።»

መዳፏን ስፒከሩ ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ «አይዞሽ» አለች። ወዲያው ከመዳፏ ሥር ልጅቷ አየር ስትስብ ተሰማን። ከዚያ በኋላ አንዴም ሳትደናቀፍ እስከ መጨረሻው አነበበች።

ተራው በጭብጨባ ቀለጠ። ዜናው ስለምን እንደነበር ግን አክስቴ እስከ ዛሬ አታውቅም።