ሁለተኛው ሰላይና የቢቸናው ሽማግሌ

የቢቸናው ፍቅረ ሥላሴ በሦስት መንግሥት ኖሮ ሦስቱንም ደግፏል። በመጀመሪያው ጊዜ በወጣት ማኅበር ሰልፍ ላይ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ሰማይ ወርውሯል፤ በሁለተኛው ጊዜ በየስብሰባው ቀኝ እጁን አውጥቶ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል፤ በሦስተኛው ጊዜ ሁለቱንም እጆቹን አጋጭቶ አጨብጭቧል። አድርባይ ብሎ መስደብ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን መስደብ የሚችለው ሰው ሁሉ እዚያው አዳራሽ ውስጥ አብሮት ያጨበጭብ ስለነበረ ሰዳቢ ጠፋ።

በዚህ ሁሉ መገላበጥ መሐል ያልተገለበጠ አንድ አቋም ነበረው። እሱም ይህ ነው፦ ኮርዲንን ከተጫወቱት አራት ተዋንያን እውነተኛው ሁለተኛው ነው።

ኮርዲን የፈረንጅ ፊልም ሰላይ ነው። ሰላዩ አንድ፣ ፊቱ ግን አራት። አንዱ ተዋናይ ሲያረጅ ወይም ከአሠሪዎቹ ሲጣላ ሌላው ይተካና ስሙን፣ መኪናውንና ሽጉጡን ይረከባል። ቢቸና ላይ የመጀመሪያው ቪዲዮ ቤት ተከፍቶ ካሴቶቹ በጄኔሬተር መታየት ሲጀምሩ፣ ተመልካቹ በዚህ የፊት መቀያየር ይደናገራል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ማን ሊደናገር! "ወንበሩ ያው ነው፣ ሰውየው ተሻረ" ብሎ አለፈው። በአንድ ወንበር ላይ ስንት አስተዳዳሪ ሲፈራረቅ ያየ ሕዝብ ነው።

የመጀመሪያውን ተዋናይ "ማበጠሪያው" አሉት፤ ጠላት እየተኮሰበት ፀጉሩን ያበጥራል። ሦስተኛው "ሳቂታው" ተባለ፤ ከአምስተኛ ፎቅ ወድቆ ሲነሣ ይስቃል፣ ጫማው ላይ አቧራ አይታይም። አራተኛው "አልቃሻው" ነው፤ ሰው በገደለ ቁጥር እናቱ ትዝ ትለዋለች። ሁለተኛው አንድ ፊልም ብቻ ሠርቶ ስለተባረረ ቅጽል ስም የሚያወጣለት እንኳ አላገኘም። በዚያ ፊልም ውስጥ ጥይት የተተኮሰው ሁለት ጊዜ ነው። የቀረውን ጊዜ ሰውየው ይጠብቃል። አውቶቡስ ማቆሚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ዝናብ እየወረደበት፣ ከፊት ለፊቱ ያለ አንድ በር እስኪከፈት ይጠብቃል። ሰፊው የቢቸና ሕዝብ እያፏጨ ከፊልሙ አጋማሽ ላይ ወጣ። ፍቅረ ሥላሴ እስከ መጨረሻው ቆየ፤ ሲወጣም "ሰላይ ማለት ይኼ ነው። ሌሎቹ ሠርግ የተጠሩ ናቸው" አለ። ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ቃሉ ግን ያው ነው።

መተዳደሪያው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወንበርና ቁምሣጥን ላይ ቁጥር ሲለጥፍ ኖረ። ስሙ የተጠራው ግን በሽምግልና ነው። ልጅ ለመጠየቅ አሥራ አንድ ቤት ሄዶ ከአሥራ አንዱም እሺታ ይዞ ተመልሷል። ከእነዚያ ትዳሮች ሦስቱ ፈርሰዋል፤ "የእኔ ሥራ በር ማስከፈት ነው፣ ጣሪያ ማደስ አይደለም" ይላል። ምስጢሩ አለመቀመጥ ነው። በወጉ መሠረት ልጅ ጠያቂ ሽማግሌ ቆሞ ይናገራል፣ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። ተቀመጡ ሲባል "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላል። መልስ ሳያገኝ የተቀመጠ ሽማግሌ እንግዳ ነው እንጂ ጠያቂ አይደለም። ፍቅረ ሥላሴ ደብረ ወርቅ ላይ አንድ ጊዜ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሞ፣ አባትየው ራሱ ደክሞት ልጁን ሰጥቷል።

አሥራ ሁለተኛው ጉዳይ የእህቱ ልጅ የስጦታው ነው። ልጁን አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገው ፍቅረ ሥላሴ ነው። ስጦታው ሞጣ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ይሠራል፤ እዚያው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሊድያ የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። የሁለቱ መዋደድ የጉዳዩ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ ክፍል አባቷ አካለ ወልድ ነው፦ የሞጣ መናኸሪያ ተቆጣጣሪ ሆኖ ዕድሜውን በፊሽካ የጨረሰ፣ አሁን ቤቱ ተቀምጦ ከፍላሽ ላይ ፊልም የሚያይ ሰው።

ፍቅረ ሥላሴ ሁለት ሰዎች ይዞ ሄደ፤ የቢቸናውን የቅኔ መምህር መሪጌታ ሣህለ ማርያምንና የአካለ ወልድን ጎረቤት፣ የሞጣውን ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ አብዱልሐኪምን። እሑድ ረፋድ ላይ ሦስቱም ነጭ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ሳሎኑ ውስጥ ቆሙ።

"ተቀመጡ እንጂ" አለ አካለ ወልድ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።"

እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደ ወጉ ነበር። ቴሌቪዥኑ ግን አልጠፋም። ሳቂታው ኮርዲን ሄሊኮፕተር ላይ ተንጠልጥሎ ይስቃል። አካለ ወልድ የሽማግሌው ዓይን ወደዚያ መሄዱን አየና ለጨዋታ ያህል፣

"ኮርዲን ነው። ያውቁታል?" አለ።

"ኮርዲንን አውቀዋለሁ" አለ ፍቅረ ሥላሴ። "ይኼ ግን እሱ አይደለም።"

ሐጂ አብዱልሐኪም ከኋላ ጋቢውን ጎተቱት።

"እሱ አይደለም? ታዲያ ምንድን ነው?"

"የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ። ኮርዲን ሁለተኛው ነው።"

አካለ ወልድ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። የመጡበት ጉዳይ በአጭሩ ተሰማ፤ በአጭሩም ተመለሰ፦ "ቤተ ዘመድ ላማክር። በሁለት ሳምንት ተመለሱ።"

ወደ ቢቸና ሲመለሱ፣ የተሳፈሩበት ዶልፊን ሚኒባስ ጉንደ ወይንን እንዳለፈ መሪጌታ ቀና አሉ። ፊልም የሚባል ነገር አይተው አያውቁም።

"ለመሆኑ ይህ ኮርዲን የምትሉት ሰው ክርስቲያን ነው?"

"ሰላይ ነው፣ መሪጌታ።"

"ሰላይ ከሆነማ ቢጠይቁትም አይናገርም" አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ለሁለተኛው ጉዞ ፍቅረ ሥላሴ አፉን ሊዘጋ ማለ። የሚናገሩት መሪጌታ፣ የሚቆመው እሱ እንዲሆን ተወሰነ። ይሁን እንጂ አካለ ወልድ ሁለቱን ሳምንት ቤተ ዘመድ ሲያማክርበት አልከረመም፤ የሁለተኛውን ፊልም አፈላልጎ አስጭኖ ሦስት ጊዜ አይቶታል። መሪጌታ "እግዚአብሔር የፈቀደውን" ብለው ሳይጨርሱ፣

"አየሁት፣ ያንን የእርስዎን ሰላይ!" አለ ወደ ፍቅረ ሥላሴ ዞሮ። "ሁለት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ይጠብቃል። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ሳባርር አይደል የኖርኩት?"

መሐላው እዚያው ላይ ሞተ።

"አውቶቡስ አይደለም የሚጠብቀው! በሩን ነው!"

"ታዲያ በእርግጫ አይለውም? ሳቂታው ቢሆን…"

"ሳቂታው በር ሲከፍት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል! ሰላይ ነው ወይስ ሙሽራ?"

"ሙሽራን ካነሣን ዘንዳ…" ብለው መሪጌታ ገቡ፤ ሰሚ አላገኙም። አንቱታው ጠፍቶ አንተ መባባል ተጀምሯል። በሁለቱ መሐል ያለው ቅራኔ መሠረታዊ ነበርና በሽምግልና የሚፈታ አልነበረም።

"ተቀምጦ መጠበቅማ ማንም ይችላል" አለ አካለ ወልድ።

"ማንም አይችልም! አቀማመጡን አየኸው? አየኸው ወይ? ወገቡን እንዲህ… እጁን ጉልበቱ ላይ እንዲህ… ዓይኑን ብቻ…"

ፍቅረ ሥላሴ ሊያሳየው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

 ጓዳ ውስጥ ሰሃን ታጥብ የነበረችው የሊድያ እናት ስርጉት እጇን ገታች። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሥራ አንድ ቤት ያልታጠፈ ጉልበት ለአንድ ፈረንጅ አቀማመጥ ታጠፈ።

አካለ ወልድ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። "ስርጉት! ለእንግዶቹ ምሳ አቅርቢ። ጉዳይ የላቸውም፤ ተቀምጠዋል።"

ምን ይደረጋል፤ በሉ። ሐጂ ሻይ ብቻ ጠጡ፤ መሪጌታ የሐጂንም ድርሻ ጨመሩ። ፍቅረ ሥላሴ አንድ ጉርሻ ይዞ ረጅም ጊዜ አኘከ።

ወሬው ከዶልፊኑ ቀድሞ ቢቸና ገባ። በማግስቱ ፀጉር ቤቱ በር ላይ የተቀመጡት ሥራ ፈቶች ሲያልፍ አይተው ብድግ አሉ፤ "አያ ፍቅሬ፣ ይቀመጡ እንጂ! እዚህ ጉዳይ የለብዎትም!" ገበያ ወጣ፤ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ የተቀመጠችበትን ዱካ ገፋ አደረገችለት።

በሳምንቱ ስጦታው መጣ። ፊቱ ከስቷል።

"ጋሼ፣ ከደብረ ማርቆስ አንድ ኢንጂነር ሽማግሌ ሊልክባት ነው። በዚህ ወር ካላስጨረስን ለእሱ ነው የሚሰጧት። አባቷ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ሦስተኛው ይበልጣል ይበሉለት።"

"መንግሥት ለውጥ በለኝ፣ እለውጣለሁ።"

"መንግሥትማ ለውጠዋል። ምን ጎደለብዎ?"

"ምንም። የእኔ አልነበረማ።" ፍቅረ ሥላሴ መሬት መሬት ያያል። "ይኼኛው የእኔ ነው።"

"እኔስ የማን ነኝ?" አለ ስጦታው።

ፍቅረ ሥላሴ ተነሥቶ ከዘራውን ፈለገ።

በሦስተኛው ጉዞ አካለ ወልድ ጎረቤት ሁሉ ጠርቶ ጠበቃቸው። ሳሎኑ እንደ አጠቃላይ ስብሰባ ሞልቷል። ሦስቱ ቆሙ። መሪጌታ ንግግራቸውን ጨረሱ።

"መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ" አለ አካለ ወልድ። "ከአራቱ ኮርዲን ማን ነው?"

"ሦስተኛው" አለ ፍቅረ ሥላሴ።

"ይብራራልን!" አለ አንድ ጎረቤት ከበር አካባቢ።

ለፍቅረ ሥላሴ ግለ ሂስ አዲስ አይደለም። በወጣት ማኅበር ዘመን በየሳምንቱ ላልሠራው ጥፋት ራሱን ወቅሶ ቤቱ ገብቶ ደኅና እንቅልፍ ይተኛ ነበር። አሁን ግን ቃላቱ እንደዚያን ጊዜ አልተንደረደሩለትም።

"ሁለተኛውን በመደገፌ ተሳስቻለሁ። ሳቂታው… ሰው ደስ ያሰኛል። ሰላይም ቢሆን ሰው ደስ ማሰኘት አለበት።"

አካለ ወልድ ተነሥቶ የፍቅረ ሥላሴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። "ልጄን ሰጥቻለሁ። አሁን ተቀመጡ!" እልልታው ቀለጠ። መሪጌታና ሐጂ ተቀመጡ። ፍቅረ ሥላሴ ግን ከዘራውን የት እንደሚያስደግፍ የጠፋው ይመስል ትንሽ ቆሞ ቆየ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። የተነገረውን ያህል ተበላ፣ ከተነገረው በላይ ተጠጣ። ነገሩ የመጣው በቅልቅሉ ዕለት፣ ለሁለቱ ቤተ ዘመድ ሞጣ ላይ ለብቻቸው ማዕድ በቀረበ ጊዜ ነው። አካለ ወልድ ካሸነፈ ወዲህ ሕይወት ጣዕም አጥቶበታል። ሳቂታው ግሩም ነው ሲል ሁሉም "ግሩም ነው" ይለዋል። ከዚህ የከፋ ብቸኝነት የለም።

"እኔ እኮ" አለ ጉርሻውን አስቀምጦ፣ "ያንን የሁለተኛውን ፊልም ደግሜ አየሁት። ዝናቡ ሲወርድበት ያለው ነገር… ልቤን ነካኝ። ተሳስተን ይሆን እንዴ፣ ፍቅሬ?"

ፍቅረ ሥላሴ ከተቀመጠበት ቀና አለ። አፉን ከፈተ። ከማዶ ስጦታውና ሊድያ ከአንድ ሰሃን ይበላሉ። ልጅቱ በሽማግሌ ቃል ወጥታለች፤ ያ ቃል ውሸት ነበር ከተባለ ነገ ከነገ ወዲያ በአንዲት ጠብ ማግስት ማን ምን እንደሚል ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አፉን ዘጋ። ደግሞ ከፈተ።

"ምኑ ነው ልብ የሚነካው?" አለ። "ያን ሁሉ ዝናብ ጠጥቶ አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠሰም። ሰላይ ነው ወይስ ሐውልት?"

ማዕዱ በሳቅ ፈረሰ። አካለ ወልድ ዓይኑ በራ። "ትዕግሥቱስ?"

"ትዕግሥት አይደለም፣ መሄጃ ማጣት ነው። ሥራ የፈታ ሰው ሁሉ ታጋሽ ነው። ሳቂታው ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ ይስቃል፤ ፍርሃቱን የሚደብቀው በሳቅ ነው። ታዲያ ከሁለቱ ማንኛው ነው መደበቅ የሚያውቅ? ሰላይ ማለት እሱ አይደለም ወይ?"

ይህን ነገር ከዚያ በፊት ማንም አላሰበውም፤ ሳቂታውን የሚወዱት ጭምር። አካለ ወልድ ለሁለተኛው እየተሟገተ ላቡ ወረደ፤ ፍቅረ ሥላሴ በእያንዳንዱ ነጥብ ረታው። ሐጂ አብዱልሐኪም ወደ መሪጌታ ጎንበስ ብለው "አሁን ማን የማን ወገን ነው?" ሲሉ፣ መሪጌታ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው፤ ያዳምጡ ነበር።

ወደ ማታ ዶልፊኑ ከሞጣ ሲወጣ ፍቅረ ሥላሴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። መሪጌታ ክንዱን ነካ አደረጉት።

"ግሩም ሙግት ነበር፣ ልጄ። እኔ ያን ሁለተኛውን ሰውዬ ነገርህን በሰማሁ ጊዜ ወድጄው ነበር። ዛሬ ግን አስጣልከኝ።"

ፍቅረ ሥላሴ ወገቡን አቀና፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስም የዶልፊኑን በር በዓይኑ ብቻ ጠበቀ።