ላስቲክ ቅጠል ያወጣ ቀን

የሥራ ባልደረቦቻቸው ያወጡላቸው ስም «አባ ፍሬን» ነበር። የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። ቀይ መብራት ገና ከሩቅ ሲታያቸው እግራቸው ፍሬን ላይ ያርፋል። ተሳፋሪው «እኚህ ሰውዬ እዚሁ ሊያሳድሩን ነው» እያለ ቢያጉረመርምም እሳቸው ወይ ፍንክች። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሰው ቀርቶ ድመት አልገጩም።

ኦርኪድ የሚባለውን አበባ ያወቁትም እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነው። አንድ ቀን የመጨረሻው ወንበር ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ተረስቶ አገኙ። ገልጠው ቢያዩት ቅጠሉ ወፍራም፣ አበባው ረግፎ አገዳው ብቻ የቀረ ተክል ነው። ለጠፉ ዕቃዎች ክፍል አስረከቡት፤ ጠያቂ ጠፋ። የክፍሉ ኃላፊ «ወይ ይውሰዱት፣ ወይ እጥለዋለሁ» ሲላቸው ይዘውት ቤት ገቡ። ሚስታቸው «ደግሞ ይሄ ሽንኩርት ምንድን ነው?» ብለው ሳቁባቸው። ያ ሽንኩርት ነጭ አበባ ደርድሮ ብቅ ሲል ግን ጎረቤት እየጠሩ ያሳዩት እኚሁ ሚስታቸው ናቸው። ከዚያ ወዲያ በረንዳው በኦርኪድ ተሞላ።

ሚስትየዋ ካረፉ በኋላ ተራው የዓይናቸው ሆነ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጠፋ፣ ኋላም መሐሉ። ፀጉር ቤት የምትሠራው ልጃቸው ጓዟን ጠቅልላ መጣችና «ከእንግዲህ ዓይንዎ እኔ ነኝ» አለቻቸው። እሳቸውም አመኗት።

ብርዱ ሲገባ ሳል ያዛቸው። ልጅቷ ተክሎቹን ከበረንዳ ወደ ሳሎን አስገብታ መስኮቱን ዘጋጋች። የቤቱ ጠረን የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጓዳ ተረስቶ የበሰበሰ ድንች ዓይነት።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ቆሻሻውን ሳላወጣ ቀርቼ ነው፣ አባባ።»

ቆሻሻው ወጣ፣ ሽታው ግን ቀረ።

«ተክሎቹስ ደህና ናቸው?»

«በጣም ደህና ናቸው።»

መልሷ ፈጠነባቸው። እንዲህ የሚፈጥነው ቲኬት ያልቆረጠ ተሳፋሪ ነው።

በማግሥቱ ልጅቷ ሥራ ስትሄድ ግድግዳውን እየዳበሱ መስኮቱ ጋ ደረሱ። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ነኩ። የመጀመሪያው ቀዝቃዛና ጠንካራ ነው። ቀጥሎ ያችው የአውቶቡሷ ነበረች። አንደኛው ቅጠሏ ላይ ጣታቸው ስርጉድ አለ፤ እሳት እንዳቃጠለው ቆዳ ውሃ ቋጥሯል። ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ሽታው እሱ ነው።

ከጎኗ ያለችው ግን አንዳች እንከን የላትም። ጠንካራ ነች፣ ለስላሳ ነች። ግን አትቀዘቅዝም። የቅጠሉን ዳር ቢዳብሱት ስፌት የመሰለ ቀጭን ጠርዝ አለው። ጣታቸውን ወደ ተተከለችበት ዕቃ ቢሰዱ ሥርም የለ፣ ኦርኪድ የሚተከልበት የዛፍ ቅርፊትም የለ፤ ያለው ደረቅ ስፖንጅ ነው።

የላስቲክ አበባ።

ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ተክል ይሞታል፤ እሱ አይደለም ያስጨነቃቸው። «ዛሬ ፊትዎ ጥሩ መስሏል» የምትላቸውስ? ሐኪሙ ምን እንዳለ የነገረቻቸውስ? ቀኑን ሙሉ ምሳቸውን ሳይነኩ ይህንኑ ሲያወጡ ሲያወርዱ ዋሉ።

አመሻሽ ላይ በሩ ተከፈተ። ጫማዋን እስክታወልቅ ጠበቁ።

«ከአውቶቡሷ ጎን ያለችው እንዴት ሰነበተች?»

«አምሮባታል። እንዲያውም አዲስ ቅጠል አውጥታለች።»

«ላስቲክ ቅጠል ሲያወጣ ገና ዛሬ ሰማሁ» አሉ።

ልጅቷ መጥታ ወለሉ ላይ እግራቸው ሥር ስትቀመጥ ተሰማቸው።

«ሞተችብኝ፣ አባባ። ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ሌላ ሐዘን ልጨምርብዎ?»

«የሞተው ሞቷል። እየሞተ ያለውን ንገሪኝ። ያየሽውን ብቻ፤ አታሳምሪልኝ።»

እያለቀሰች ነገረቻቸው። ቅጠሉ ላይ የወጣው ቁስል ቡናማ ነው፤ ውሃ የጠጣ ወረቀት ይመስላል፤ ዙሪያው ቢጫ ነው። ትናንት አዝራር ያህል ነበር፣ ዛሬ ግማሽ ቅጠል ሆኗል።

«ውሃ እንዴት ነው የምታጠጪያቸው?»

«ማታ ስመለስ፣ በፀጉር መርጫው ከላይ እረጫቸዋለሁ። የደረቁ ይመስሉኛል።»

«መስኮቱስ?»

«ለሳልዎ ብዬ ዘግቼዋለሁ።»

«በሽታው ይኸው ነው። ውሃው ቅጠል ላይ ያድራል፣ የሚያደርቀው ንፋስ የለም። ስትረጪ ደግሞ ከታመመው ወደ ጤነኛው ይፈናጠቃል። መስኮቱን ክፈቺ። የታመሙትን ለይተሽ መታጠቢያ ቤት አስገቢ። ምላጭና አልኮል አምጪ።»

የአውቶቡሷን መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። እሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። ምላጩን በአልኮል ስትጠርግ ሽታው ደረሳቸው።

«ከቁስሉ ዝቅ ብለሽ ጤነኛው ላይ ቁረጪ።»

ቆረጠች።

«ምን አየሽ?»

«አረንጓዴ ነው።»

«ልጄ።»

ቧንቧው ይንጠባጠባል።

«መሐሉ ላይ ቡናማ ነጥብ አለ።»

«ምላጩን በአልኮል ጥረጊና እንደገና ውረጂ።»

«ከዚህ ከወረድኩ እምብርቷን እቆርጠዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ወደ ላይ አታድግም፣ አባባ።»

«አውቃለሁ። ውረጂ» አሉ።

ምላጩ ዱባ እንደሚቆርጥ ቀርጨጭ አለ። አሁን መልሷ አልፈጠነም፤ አጎንብሳ መብራት ሥር ስታገላብጠው ገባቸው።

«ነጭ ወደ አረንጓዴ ነው። ዙሪያውን አየሁት። ምንም ነጥብ የለም።»

«እንግዲያው የተፈጨ ቀረፋ ነስንሺበት፤ ቁስሉ ላይ ብቻ። ሥሩን ካገኘው ያደርቀዋል።»

በዚያው ምሽት ጨርሰው የበሰበሱትን ከነዕቃቸው ጣለቻቸው። ላስቲኳም አብራ ሄደች። የቀሩት አየር እያገኙ፣ ውሃም ከሥራቸው ብቻ፣ ያውም ጠዋት ጠዋት ሆነ። አባ ፍሬን ጋቢያቸውን ደርበው ክፍት መስኮት ያለበት ቤት ውስጥ እያሳሉ ሰነበቱ። ሲነጋ ይጠይቃሉ፣ እሷም ትመልሳለች። «ጥግ ያለችው ዛሬ ጠቁራለች» ያለቻቸው ቀን ቁርሳቸውን ገፋ አድርገው «ጣያት» አሉ። የአውቶቡሷ ግን ቁስሏ ደርቆ እንዲሁ ቆማ ቀረች፤ የሞተችም አትመስል፣ የዳነችም።

ሳሉ ለቀቅ ባደረጋቸው ሰሞን፣ ልጅቷ ለሥራ ልትወጣ ስትል ከመስኮቱ ተጣራች።

«አባባ፣ ከግርጌዋ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል።»

ብድግ ሊሉ ነበር፤ ወንበሩን ይዘው ተቀመጡ።

«ሥር ነው ወይስ ቅጠል?»

አጎንብሳ አየችው። ቀና ብላ እንደገና አጎነበሰች።

«አላውቅም» አለች።

አባ ፍሬን ከልባቸው ሳቁ። «ደግ። አንቺ ሥራሽን ሂጂ፤ ስትመለሺ ደግሞ ታዪዋለሽ።»