የሰው እናት ቤት

እህቴ ጣሊያን አገር፣ ኮረብታ ላይ በተሠራች ትንሽ ከተማ፣ አንዲት አሮጊት ትጦራለች። እኔ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እናታችንን እጦራለሁ። ብዙ ዓመት በዚህ ኖርን። እህቴ «ነይና እዪኝ፤ ናፍቀሽኛል» እያለች ስትጎተጉተኝ ከርማ በመጨረሻ እሺ አልኩ።

እናቴን ለባለቤቴና ለጎረቤቴ አደራ ሰጠሁ። ጎረቤቴ ምድር ቤት ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት ናት፤ እናቴ ከእኔ ወሬ የእሷን ትመርጣለች። የሚያሳስብ ነገር አልነበረም። ግን ባለቤቴ ወደ ቦሌ ሲወስደኝ ገና ቃሊቲን ሳናልፍ ጀመርኩ።

«መድኃኒቷ ከምግብ በኋላ ነው፣ እሺ?»

«እሺ።»

«በረንዳው ላይ ብቻዋን እንዳትቀመጥ።»

ሳሪስ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ያን ጊዜ ዞር ብሎ አየኝና «ከፈለግሽ ልመልስሽ» አለኝ። ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ቢመልሰኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እዚያ ስደርስ የእህቴ ቤት የእህቴ አልነበረም። የአሮጊቷ ነው። እህቴ ያላት ከኩሽናው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ብቻ ናት፤ እኔም እዚያው እንዳድር የአሮጊቷ ልጅ ፈቅዶላታል። ጠዋት ሴትዮዋን ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች፤ ከዚያ መልሳ ታስተኛታለች። ልርዳት ስል «ተይ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ፤ ተቀመጪ» ትለኛለች። መቀመጥ ግን አልሆነልኝም። እናቴን ሳነሳና ሳስቀምጥ የኖርኩ ሰው ባዶ እጄን የሰው ኩሽና ውስጥ ምን ልሁን? መስኮት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። የታጠበ ብርጭቆ ደግሜ አጥባለሁ። ኮቴን ለብሼ እስከ በሩ እሄድና እመለሳለሁ።

በየቀኑ ወደ ቤት በቪዲዮ እደውላለሁ። እናቴ ግን ስልክ ሲሰጧት ጆሮዋ ላይ ነው የምትለጥፈው፤ ስለዚህ የማየው ጆሮዋንና የነጠላዋን ጫፍ ነበር።

«ደህና ነሽ፣ እማዬ?»

«ደህና ነኝ። የት ነሽ አንቺ?»

«እህቴ ጋ።»

«እሷስ መቼ ነው የምትመጣው?»



አንድ ቀን እህቴ የአሮጊቷን ፀጉር ታበጥር ነበር። ጥጥ የመሰለውን ፀጉር ቀስ አድርጋ ትለያያለች፤ ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍናለች። እያየኋቸው ውስጤ ቱግ አለ።

«የእማዬን ፀጉር እንዲህ አበጥረሽላት ታውቂያለሽ?» አልኳት።

አበጥራ ጨረሰች፣ ሴትዮዋን አስተኛች፣ ከዚያ ኩሽና መጥታ በሩን ዘጋች።

«ይቺን ሳጥብ ማንን እያሰብኩ እንደማጥብ አንቺ አታውቂም» አለች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ኮቴን አንስቼ ወጣሁ፤ ከተማዋን ዞሬ ዞሬ እግሬ ሲዝል ተመለስኩ። ራት አብረን በላን፣ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

በማግስቱ እህቴ ጥርሷን ልትታከም ሄደች። እኔና አሮጊቷ ቀረን። እኔ ጣሊያንኛ አልችልም፤ እሷም አማርኛ አታውቅም። ትንሽ እንደተቀመጥን በጣቷ መስኮቱን ታሳየኝ ጀመር፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ እንደገና መስኮቱን። ለካ በዚያ ቤት መቀመጥ ያቃተኝ እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሹራብ ደርቤላት፣ ብርድ ልብስ እግሯ ላይ ጣል አድርጌ፣ በተሽከርካሪ ወንበሯ ይዣት ወጣሁ።

መንገዱ ቁልቁለት ነው። ብርድ ልብሷ ወደቀና ላነሳው ጎንበስ ስል ወንበሩን ለቀቅኩት። ቀና ስል ወንበሩ እየሄደ ነበር። ሮጥኩ። ታች አስፋልቱ ላይ መኪና ይመላለሳል። ምን ብዬ እንደምጠራት አላውቅም፤ ያለኝን ቃል ጮህኩ።

«ፍሬን! ፍሬን!»

ባለቤቴ አቃቂ በሰቃ ጋራዥ አለው። ቀኑን ሙሉ የሚጠራው ዕቃ ግማሹ ስሙ ጣሊያንኛ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። አሮጊቷ ጎንዋ ያለውን ማንሻ አገኘችና ሳበችው። ወንበሩ ተንገጫግጮ አንድ ቤት ደጃፍ፣ የአበባ ገንቦ አጠገብ ቆመ። ደርሼ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። እሷ ቁልቁል አየችኝና እንደ አስተማሪ ጣቷን አንስታ «ፍሬኖ» ብላ አረመችኝ። ከዚያ ሳቅዋ መጣ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ አለቀስኩም። ስንመለስ እየገፋኋት «ጎማ» አልኳት። «ጎማ» አለች። «ካምቢዮ» አልኳት፤ «ካምቢዮ» ብላ ራሷን ነቀነቀች። የባለቤቴን ጋራዥ ዕቃ ሁሉ እየቆጠርን ቤት ገባን።

እህቴ ጉንጯ አብጦ መጣች። ስነግራት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«አንድ ነገር ብትሆን ኖሮ ምን እሆን ነበር?» አለች።

የሴትዮዋን ልጅ ምን እለዋለሁ ማለቷ መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን እሱን አልነበረም የምታስበው። የፈራችው ለሴትዮዋ ነው። ያን ቀን ማታ የሴትዮዋን ፀጉር እኔ አበጠርኩላት፤ እህቴም «ተይ» አላለችኝም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ቲኬቴን አስቀየርኩ። እህቴ አልተቀየመችም። «ሥጋሽ እንጂ ልብሽ መች መጣ» ብላ ሸኘችኝ።

ከፋሲካ በኋላ እሷ መጣች። በምትኳ አንዲት የአገራችንን ልጅ አሮጊቷ ጋ አስቀምጣ ነበር። እናታችን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። እህቴ ገብታ ስትስማት እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና «እንደምን ዋሉ? ይቀመጡ» አለቻት። ቤት እየመጣች የምታያት የጤና ጣቢያ ነርስ መስላት፣ የወለደቻትን ልጅ አንቱ አለቻት። እህቴ ተቀመጠች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ መለሰችላት። ከዚያ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመች። ተከትያት ወጣሁ፤ የሚወጣ የሚወርደውን ሰው አየን።

እናቴ አራት ቀን ያህል አንቱ ስትላት ሰነበተች። አንድ ጠዋት እህቴ ገላዋን ስታጥባት እናቴ በልጅነት ስሟ ጠራቻትና «ውሃው ፈጀኝ፣ አንቺ ልጅ» አለቻት። እህቴ ሳሙናውን እንደያዘች ቀረች።

ከዚያ ሁሉ ነገር ደህና ይሆናል ብዬ ነበር። እህቴ ግን አልረጋችም። ስልኳን ይዛ በረንዳ ትወጣለች፤ የአሮጊቷን ልጅ በጣሊያንኛ ስትጠይቅ እሰማለሁ። ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች። የታጠበ ብርጭቆ ስታጥብ አየኋት። ምን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«አትበላም አሉኝ» አለችኝ አንድ ከሰዓት፣ ሳልጠይቃት። «ሰው ተቀይሮባት ነው።»

«ሂጂ በቃ» አልኳት።

«እማዬስ?»

«እኔ አለሁ።»

ፊት ፊቴን አየችኝ። በምሬት የተናገርኩት እንደሆነ ለማወቅ ይመስለኛል። በምሬት አልነበረም። ሄጄ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁላት።